የፈንጣጣው አባት፤ አባ ማስያስ በሸዋ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባቶቻችን ይህን ምሳሌ የተናገሩት በሽተኛውን ለመምከር ነው። ነገር ግን ምሳሌው ሲመረመር ሐኪሙንም ይመክራል። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ከማን ነው? ቋንቋውን ከማያውቅ፣ ጾሙንና በዓሉን ከሚንቅ፣ እናቱ ባጠጣችው መድኃኒት ከሚስቅ፣ ገና ከደጃፍ ቆሞ ከሚያዝ ሰው አይደለምን? ቁስሉንና ምሥጢሩን የሚገልጠው ግን ለሚያምነው ነው። ስለዚህ ሐኪም መድኃኒቱን ከሣጥኑ ከማውጣቱ በፊት ሊፈጽመው የሚገባ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም በሕዝቡ ዘንድ መታመን ነው።

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላችሁ ሰው ይህን ሥራ ከብዙዎቹ አስቀድሞ የተረዳ ነበር። አገሩ ኢጣልያ፣ ሥራው ስብከት፣ ዝናው ግን ከሁሉ ይልቅ በክትባት የተገኘ ነው። የአገራችን ሰዎች አባ ማስያስ ይሉታል፤ አውሮፓውያን ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ ብለው ይጽፉታል። ከስሞቹ ሁሉ የሚደንቀው ግን በሽተኞቹ ያወጡለት ነው፤ የፈንጣጣ አባት ተብሎ ነበርና። የእኚህን ሰው ሕይወት የምናወሳው ሥራቸው ሁሉ የሚመሰገን ስለ ሆነ አይደለም። ያገኙትም የሳቱትም ዛሬ በየወረዳው ለሚመደበው ወጣት ሹምና ለሕክምና ተማሪው ትምህርት ስለሚሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጣለን።

ማሳያ የተወለዱት በ1809 ዓመተ ምሕረት በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። የልጅነት ስማቸው ሎሬንሶ ሲሆን፣ በ1826 የካፑቺን መነኮሳትን ማኅበር ሲቀላቀሉ ጉልየልሞ ተባሉ። በ1832 ቅስና ተቀበሉ። ከዚህ በኋላ የገጠማቸው ሥራ ለወደፊት ሕይወታቸው መሠረት ሆነ። ከ1834 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል በቶሪኖ ከተማ ማውሪሲያኖ በሚባለው ሆስፒታል የበሽተኞች ቄስ ሆነው አገለገሉ።

የሆስፒታል ቄስ ሥራው ምንድን ነው? ከአልጋው ራስጌ ተቀምጦ መስማት ነው። ሐኪሙ ፈጥኖ ይመጣል፣ የልብ ትርታ ይቆጥራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ይሄዳል። ቄሱ ግን በሽተኛው በሌሊት የሚፈራውን፣ ለሐኪሙ ሳይናገር ያስቀረውን፣ ስለ ልጆቹ የሚያስበውን ይሰማል። ወጣቱ መነኩሴ በዚያ ቤት ሳሉ ከሐኪሞቹ ዘንድ ጥቂት ሕክምናና የቀዶ ጥገና ሥራ ቀሰሙ። ስለዚህ የሕክምናን ትምህርት የጀመሩት ከበሽተኛው ወገን ሆነው ነው ለማለት እንችላለን። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚማር ሰው በማንኛውም ዘመን ጥቂት ነውና።

በ1846 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ማሳያን በደቡብ ምዕራብ ለሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። ሐሳቡን ለሮማ ያቀረበው አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ነበር። ሹመቱ በወረቀት ቀላል ሆነ፤ መንገዱ ግን ስድስት ዓመት ፈጀ። በዚያው ዓመት ምጽዋ ቢደርሱም፣ የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሰላማ የካቶሊክ ሰባኪዎችን አጥብቀው ይቃወሙ ስለ ነበር በሰሜን በኩል ያለው በር ተዘጋባቸው። በመጨረሻ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውን ለውጠው፣ ዓባይን ተከትለው በሱዳን በኩል ዞሩና በ1852 መጨረሻ ገደማ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ደረሱ። በኋላም ወደ ደቡብ እየዘለቁ ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ተቀመጡ፤ ከዚያም ተባረሩ።

አባ ማስያስ ጉድሩ ሲገቡ የነበራቸው ሀብት ምን ነበር? ወታደር የላቸውም። ቋንቋውን ገና አያውቁም። ስብከታቸውንም የሚሰማ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሥራቸውን የጀመሩት በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቋንቋ መማር፣ ሁለተኛው በሽተኛ መርዳት።

ስለ ቋንቋው አስቀድመን እንናገር። ማሳያ የኦሮምኛና የአማርኛን ቋንቋ ለዓመታት አጠኑ። በ1867 ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያስተምር የሰዋስው መጽሐፍ በላቲን ጽፈው ፓሪስ ላይ አሳተሙ። መጽሐፉ የተዘጋጀው ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡት ሰባኪዎች ነበር። አዲስ መጪ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሕዝቡን ቋንቋ መማር አለበት የሚለውን ሐሳብ ወደ ደንብ አደረሱት ማለት ነው።

ቋንቋ በሕክምና ሥራ ላይ ያለውን ኃይል ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አንድ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ምች መታኝ ቢል፣ ይህ ቃል በሐኪም መጽሐፍ ውስጥ ተርጓሚ የለውም። ሰውየው ግን ሜዳ ላይ በፀሐይ ሳለ የሽታ ነገር እንዳገኘው፣ ትኩሳትና ራስ ምታት እንደ ያዘው፣ ምናልባትም ከንፈሩ እንደ ቆሰለ፣ በቤቱም ዳማ ከሴ ታሽቶ እንደ ተቀባ በአንድ ቃል ተናግሯል። ልቤን ያቃጥለኛል የሚል በሽተኛም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው አፍ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ልብ ሲመረምር የታመመው ጨጓራ ይቀራል። ምች የሚባል በሽታ የለም ብሎ የሚስቅ ሐኪም ደግሞ ሳቁ ሳያልቅ በሽተኛውን ያጣል። ሰውየው ከፊቱ ተቀምጦ ይቆያል፤ ነገሩ ግን ወደ ውስጥ ተመልሷል።

ሁለተኛው ነገር ፈንጣጣ ነው። የዛሬ ወጣቶች ይህን በሽታ በስም እንጂ በመልክ አታውቁትም፤ ይህም ትልቅ ዕድል ነው። በዚያ ዘመን ግን ፈንጣጣ ገብቶ የወጣበት መንደር ሕፃናቱን ቀብሮ፣ የቀሩትንም ፊታቸውን አጠልሽቶ፣ አንዳንዶቹን ዓይናቸውን አጥፍቶ ነበር የሚሄደው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር ከላም ፈንጣጣ የተገኘው ክትባት ሰውን ከዚህ በሽታ እንደሚጠብቅ በ1796 አሳይቶ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ አልነበረምና፣ የክትባቱ ዘር ረዥም መንገድ የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ሰው ክንድ ወደ ሌላው ሰው ክንድ እየተላለፈ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አገራችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበረችም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖሩ አውሮፓውያን እንደ መዘገቡት፣ የአገሬው ሰው ፈንጣጣ በቀላሉ ከወጣበት ሰው ቁስል መግል ወስዶ፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ሰንጥቆ ያስገባ ነበር። በዚህ ዓይነት የተከተበ ሰው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ታሞ ይድናል፤ ዳግመኛም አይያዝም። ዘዴው አደጋ ነበረበት፤ እውነተኛውን ፈንጣጣ የሚያስይዝ በመሆኑ አንዳንዱ ይሞታል፣ በሽታውም ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ነገር ግን ሐሳቡ፣ ማለት ትንሹን በሽታ ተቀብሎ ከትልቁ መዳን፣ ለሕዝቡ የታወቀ ነበር።

አባ ማስያስ ፈንጣጣን መከተብ ሲጀምሩ ስለዚህ በባዶ መሬት ላይ አልዘሩም። ክንዱን የሚዘረጋው ሰው የሚደረግለትን ነገር ከአያቱ ሰምቶታል። እንግዳው መነኩሴም ይህን ሐሳብ ሳይነቅፉ በእርሱ ላይ ጨመሩበት። ወሬው ከመንደር መንደር ሄደ፤ ስብከቱን ያልፈለገው ሁሉ ልጁን ተሸክሞ መጣ። የፈንጣጣ አባት የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ጊዜ ነው። ሕዝቡ የሰባኪውን ሥራ በራሱ ሚዛን መዝኖ የሚጠቅመውን መረጠ፤ ስሙንም በመረጠው ነገር ሰየመ።

የቋንቋችንም ታሪክ ይህን ያስረዳል። አውሮፓውያን ክትባትን የሚጠሩበት ቃል ከላቲኑ የላም ስም የወጣ ነው። እኛ ግን ክትባት የምንለው ከተበ፣ ማለት ጻፈ፣ ከሚለው ግስ ነው። ደብተራው ጽፎ፣ በቆዳ አሰፍቶ፣ በልጅ አንገት የሚያንጠለጥለው ክታብም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው ጽሑፍና በክንድ ላይ የሚጻፈው ጠባሳ በአማርኛ ወንድማማቾች ናቸው። አዲሱ መድኃኒት ከሕዝቡ አፍ በተገኘ ስም ተጠርቶ ገባ፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ የባዕድ ቃል መስሎ የሚታየው ሰው የለም።

ከከፋ ከተባረሩ በኋላ አባ ማስያስ በ1863 በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች እጅ ወደቁ፤ ተለቀውም ወደ አውሮፓ ሄዱ። በ1868 ሲመለሱ የገቡት ወደ ሸዋ ነው። ንጉሥ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ሲሆኑ፣ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሁለቱ የተገናኙት በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው በልቼ ነበር። አባ ማስያስም ወደ 60 ዓመት ተጠግተው ነበር። ወጣቱ ንጉሥ ሽማግሌውን አከበሩ፤ አማካሪም አደረጓቸው። በፊንፊኔና በፈቀሬ ግምብም የማረፊያና የሥራ ቦታ አገኙ።

ሸዋ ለሕክምና ነገር እንግዳ አገር አልነበረችም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ከተማቸውን ለቀው አልሄዱም፤ መቅሠፍቱ እንዲርቅ በማለት የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸው በዜና መዋዕላቸው ይነበባል። በአንኮበር ደግሞ የምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሚመጣው እንግዳ ሁሉ መድኃኒት ይጠይቁ እንደ ነበር ተጓዦቹ ጽፈዋል። ጀርመናዊው ክራፕፍ ከ1839 ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛም ኪርክ የሚባል ሐኪም ይዞ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ሆነ ገበሬው መድኃኒትን የሚፈልግ እንጂ የሚሸሽ አልነበረም። ፍርሃቱ ከሰጪው ነበር።

በዚያ አገር ከእርሳቸው በፊት ብዙ ባለ መድኃኒት ነበረ። የተሰበረ አጥንት ለሚጠግነው ወጌሻ የሸዋ ሰው ከአውሮፓ ሐኪም ይልቅ እግሩን አምኖ ይሰጣል። የምጥ ሰዓት የልምድ አዋላጇ ናት የምትጠራው። ጠበሉ አለ፤ ቅጠልና ሥር የሚያውቀው አለ። ከሁሉም በላይ የታወቀው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ በሁለት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ኮሶ እየጠጣ ትሉን ያወርድ ነበር። እንግዶቹ አውሮፓውያን በመጀመሪያ ነገሩን እየተደነቁ ጻፉት፤ ቆይቶ ግን የኮሶው አበባ በመርከብ ተጭኖ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መሸጥ ጀመረ። የሳይንስ ስሙም በአንድ ወቅት ብራየር በሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ተሰይሞ ነበር። መድኃኒት ከአውሮፓ ወደ ሸዋ ብቻ እንዳልተጓዘ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ አክብሮት ማለት ሁሉን መቀበል ማለት አይደለም። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት ያመጣል። ከላይ የነገርናችሁም የጥንቱ ክትባት በሽታን ያዛምት ነበር። ቁም ነገሩ ጉዳቱን ለመንገር የሚችለው ማን ነው የሚለው ነው። ጥቅሙን አስቀድሞ ያወቀና ያመሰገነ ሰው ስለ ጉዳቱ ሲናገር ይሰማል። ሁሉንም በአንድ ቃል አጉል እምነት ብሎ የጣለ ግን እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚሰማው አያገኝም።

ከዚህም ሌላ አንኮበር አንድ ሕዝብ ብቻ የሚኖርባት አልነበረችም። ከከተማዋ ገደል አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የአሁኑንም ሆነ የጥንቱን ሁኔታ በዓይኑ ያያል። በደጋው ክርስቲያኑ አማራ ይኖራል። ወደ ታች ሲወርዱ የእስላሞቹ የገበያ ከተማ አልዩ አምባ አለች፤ አርጎባዎች በዚያ ይኖራሉ። ከዚያም ወዲያ ቆላው የአፋሮች ነው። በሌላው ወገን ኦሮሞዎች አሉ። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የብርዱ ሳንባ ሕመም ቀርቶ የወባው ትኩሳት ይተካል፤ የጾሙ ቀን፣ የምግቡ ዓይነት፣ ወንድ እንግዳ ወደ ሴት በሽተኛ የሚቀርብበት ሥርዐትም እንዲሁ ይለወጣል። በደጋው የሠራ ልማድ በቆላው ላይሠራ ይችላል። በዚህ አገር ለማከም የሚፈልግ ሰው ባህልን አንድ ጊዜ ተምሬ ጨረስሁ ለማለት አይችልም። አባ ማስያስ ከአማርኛው ጋር ኦሮምኛውን ጨምረው በማወቃቸው ከብዙዎቹ እንግዶች ይልቅ ብዙ ደጃፍ ተከፈተላቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ጉድለታቸው እንናገር፤ ምክንያቱም ታሪክ ውዳሴ ብቻ ከሆነ አያስተምርም። አባ ማስያስ ወደ አገራችን የመጡት ሰውን ከሃይማኖቱ ወደ ሃይማኖታቸው ለመመለስ ነበር። ሕክምናው ለዚህ ዓላማ በር መክፈቻ ነበረ። በመጽሐፋቸው ስለ አገሩ ካህናትና ስለ ባህል መድኃኒት አዋቂዎች ሲጽፉ ሚዛናቸው ሁልጊዜ የቀና አይደለም። ክንዱን ሲዘረጋ ያላፈረውን ሕዝብ በእምነቱ ያሳፈሩበት ጊዜ አለ። በፖለቲካውም ቢሆን እጃቸው ገብቶበት ነበር። በ1876 በአንቲኖሪ የተመራው የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ሲደርስ በምኒልክ ዘንድ ረዱት፤ ማኅበሩም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ አገኘ። በ1880ዎቹ ራጋሲና ትራቨርሲ የተባሉት ሐኪሞች የሠሩት በዚያ ነው። የዕውቀት ጣቢያ የተባለው ቦታ የኢጣልያ መንግሥት ዓይንም ሆኖ አገልግሏል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከባድ ነው። የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ ማወቅ በራሱ መልካም ነው ወይስ ዕውቀቱ በምን ሥራ ላይ እንደሚውል መታየት አለበት? ባህልን ማወቅ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ባለቤቱም ሌባውም ይይዙታል። ሕዝቡ ደጃፉን የሚከፍተው ለራሱ ጤና ነው ብሎ አምኖ ሳለ፣ በዚያው ደጃፍ ሌላ ጉዳይ ቢገባበት አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚዘጋው በር ለቀጣዩ ሐቀኛ ሐኪምም ይዘጋል።

የአባ ማስያስም በር የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። በ1878 ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ የውጭ አገር ሰባኪዎች ነገር ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ያደረጉት የአገሪቱን ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ሲሆን፣ በመሐል የሚሠራ የካቶሊክ ጳጳስ ሊታገሡ አልፈቀዱም። በ1879 አባ ማስያስ ከሸዋ እንዲወጡ ታዘዘ። ንጉሥ ምኒልክ ቢያዝኑም ሊያስቀሯቸው አልቻሉም። የ70 ዓመቱ ሽማግሌ አሥራ አንድ ዓመት የኖሩበትን አገር ትተው በሰሜን በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ግብጽ፣ በመጨረሻም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1884 ካርዲናል ተባሉ። በቀሩት ዓመታትም በኢትዮጵያ ያሳለፉትን የ35 ዓመት ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ጥራዝ ሲሆን መታተም የጀመረው በ1885 ነው፤ ያለቀው ግን እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1895 ነው። ስለ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የሚያጠና ሰው፣ ስሕተቱን እየለየ፣ እስከ ዛሬ ይመረምረዋል። አባ ማስያስ በነሐሴ ወር 1889 በናፖሊ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ አረፉ። ዕድሜያቸው 80 ዓመት ነበር።

ከሞቱ ከ50 ዓመት በኋላ ስማቸው አንድ ክፉ አገልግሎት ላይ ዋለ። አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1939፣ አቡነ ማስያስ የሚል የሲኒማ ፊልም በኢጣልያኖች ተሠርቶ በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ። ሕፃናትን በክትባት ያዳነ ሰው ስም፣ መርዝ ጋዝ ከአየር ላፈሰሰ መንግሥት ጌጥ ሆነ። ሟቹ በዚህ ሊጠየቁ አይገባም። ነገር ግን መልካም ሥራ ከሥልጣን ጋር ሲዋሃድ ወደ የት ሊያመራ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም።

ወደ ፈንጣጣው ነገር እንመለስ፤ ታሪኩ አላለቀምና። ዓለም ይህን በሽታ ለማጥፋት ሲነሣ፣ በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው። በአማራው ደጋ ከገጠሙት እንቅፋቶች አንዱ ያው የጥንቱ ክትባት ነበር። በየመንደሩ የሚከትቡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሕዝቡም በእነርሱ ያምን ነበርና የመንግሥቱን መርፌ አልቀበልም የሚል ብዙ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ለአባ ማስያስ መንገድ የጠረገው ልማድ አሁን መንገድ የዘጋ መሰለ። ልዩነቱ በልማዱ አልነበረም፤ በአቀራረቡ ነበር። በእግርና በበቅሎ፣ የአገሩን ሽማግሌና ካህን እያስቀደሙ፣ መንደር በመንደር የሄዱት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ከውጭ የመጡ ረዳቶቻቸው በመጨረሻ አሸነፉ። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው። በ1980ም ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ።

ከዚህም በፊት፣ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ የጀመረው ሐኪም ብቻውን ሕዝብን እንደማያድን በመረዳት ነበር። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጠለ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች፣ ከዚያው አካባቢ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው ተመለሱ። እነዚህ ሴቶች አባ ማስያስ በዓመታት ድካም የተማሩትን ቋንቋ ከእናታቸው ጡት ጋር አግኝተውታል። ምች ምን እንደ ሆነ ማንም አያስረዳቸውም። አራስ ቤት ለመግባትም የባል ፈቃድ የሚጠይቅ ወንድ አያስፈልጋቸውም። በብዙ ጤና ጣቢያም ለወለደች እናት ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ መታየቱ ከዚሁ የመጣ ነው፤ እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጣችው አዋላጁን ጠልታ ብቻ ሳይሆን ገንፎዋን፣ እልልታዋንና ዘመዶቿን ትታ ብቻዋን መውለድ ስለ ከበዳት ነበርና።

ይሁን እንጂ ከአንድ አገር መወለድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከእንግዳው ይልቅ የአገሩን ሰው የሚንቅ የአገር ልጅ መኖሩን እናውቃለን። ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አንኮበር የሚሄደው ወጣት በአፉ አማርኛ ይናገራል፤ ነገር ግን በልቡ ሌላ አገር የሄደ ሊሆን ይችላል። በሚካኤል ዕለት የክትባት ቀጠሮ ይይዝና ሰው አልመጣም ብሎ ሕዝቡን ይወቅሳል። በዐቢይ ጾም ለነፍሰ ጡር ወተት ያዝዝና የንስሐ አባቷን አንድ ቀን እንኳ አያነጋግርም፤ ካህኑ ግን ለታመመችና ለነፍሰ ጡር የሚፈቀደውን ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ። ጠበል ከጠጣህ ኪኒኑን አልሰጥህም ይላል፤ በሽተኛውም ኪኒኑን ይተወዋል እንጂ ጠበሉን አይተውም። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ የሚችሉ መሆናቸውን የሚያስረዳ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ቢገኝ ስንት ሕይወት በዳነ ነበር!

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የፈንጣጣው አባት ታሪክ የሚተውልን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከመልካሙ ወገን ነው፤ የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ይማር። ወጌሻውን፣ አዋላጇን፣ ካህኑንና ሼኩን ጠላት ሳያደርግ ሥራቸውን ይወቅ፤ የበሽተኛውን ቃል በበሽተኛው ትርጉም ይስማ። ሁለተኛው ከጉድለታቸው የምንወስደው ነው፤ ደጃፉ ለጤና ከተከፈተላችሁ ለጤና ብቻ ግቡበት። ያገኛችሁትን አመኔታ ለሹመት፣ ለፖለቲካ ወይም ለራስ ክብር አትመንዝሩት፤ አንድ ጊዜ የተመነዘረ አመኔታ ተመልሶ አይሰበሰብምና።

በጉድሩና በሸዋ የተከተቡት ሕፃናት ሸምግለው ካረፉ ዘመን አልፏል። ጠባሳቸው ከእነርሱ ጋር ተቀብሯል። ቃሉ ግን ቀርቶልናል። ዛሬም በአንኮበር ገደል ሥር አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ክትባት ልታስከትብ ስትሄድ የምትጠራው ስም የአያቶቿ ነው። በዚያ የምታገኘው ሰውም ስሟን በወግ ጠርቶ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ስለ ልጇ የምትለውን ጨርሶ ቢሰማ፣ መድኃኒቱ ገና ከሣጥኑ ሳይወጣ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።